ማንጋኒዝ የሌለበት ብልቃጥ

ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፤ ብልቃጡ ውስጥ የምትሽከረከረው ማማሰያ ማግኔት ከመስተዋቱ ጋር እየተጋጨች። ወይንሸት ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ የሠራችበት የማንጋኒዝ ውህድ አልኮልን ኦክሲዳይዝ አድርጎ ወደ ሌላ ነገር ይለውጣል ብላ ስትምል ኖራለች፤ ነገ ለመመረቂያዋ ፈታኞች ፊት የምትቀርበውም በእሱ ነው። ዛሬ ግን ልቧ አላርፍ ቢላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንጋኒዙን ትታ ሁልጊዜ አብራው የምትጨምረውን የአዮዲን ውህድ ዱቄት ብቻ ጨመረች። አልኮሉ እንደ ወትሮው ተለወጠ።

«ዶክተር፣ የእኔ ውህድ ለካ ምንም አይሠራም» አለቻቸው፣ ሥራዋን ሊያዩ የገቡትን አማካሪዋን።

«አውቃለሁ። በመጣሽ ዓመት ያለ ማንጋኒዙ ሞክሬው ነበር።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም?»

«ከነገ ፈታኞችሽ አንዱም ያውቃል። ነግሬዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቅሽም ይህንኑ ነው» አሉና ማማሰያውን አጥፍተው፣ ጋዋናቸውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ወጡ።