እዘጋብሃለሁ

በያጁ ስለሺ ከካርቱም ወጣ ብሎ ባለው አሮጌ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሲቀጠር የሚፈራው ነገር አልነበረም። ጦርነቱ በረድ ሲል ተርባይኑ ይታደስ ተባለ፤ እሱም ውሃ የበላውን ክንፍ እየበየደ ይሞላል። ለዚህ ደግሞ ውሃው በሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ ሆድ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ይገባል። ሲገባ ማንም ውሃውን እንዳይለቅበት የውሃውን በር ማንሻ በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ፍርሃቱ የመጣው ሪም ከምትባል ልጅ ጋር ሲተጫጩ ነው። የውሃው በር ጠባቂ ሙንተሲር የሪም ወንድም ነበር።

እናታቸው እትዬ በቀለች የጎንደር ሰው ናቸው። ሱዳናዊ አግብተው ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ሲኖሩ ልጆቹ በአረብኛ አፋቸውን ፈቱ፤ አማርኛው ላይ ላዩን ቀረ። ሪም "ስለሺ፣ ሻይ አፈላሁብህ" ስትለው "ምን በደልኩሽ?" እያለ ያሾፍባታል። እሷም ትስቃለች። ስለሺ ከዚህች ልጅ ጋር መኖር ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሙንተሲር ግን ሳቅ አያውቅም። ሠርጉ ሲነሳ "ኢንሻላህ" ብሎ ሲጋራውን ይለኩሳል። ስለሺ ከቱቦው በወጣ ቁጥር ማንሻው አጠገብ ተገትሮ ያገኘዋል። አንድ ቀን ጭራሽ ጓጉንቸሩን በእጁ እያገላበጠ ደረሰበት።

"ጠንካራ ነው?" አለው ሙንተሲር።

"ምነው?"

"ማፊ ሓጃ፤ ምንም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሺ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ጆሮው ውሃውን ብቻ ይጠብቃል። ጠብ ባለ ቁጥር ነፍሱ ውልቅ ትላለች።

ሠርጉ ደረሰ። ሥራውም ጥቂት መሞረድ ብቻ ቀረው። ማታ ሊወጣ ሲል ሙንተሲር የግቢው በር ላይ አስቆመው።

"ስለሺ፣ ብዙ ለፋህ። ኻላስ፣ በቃህ!" አለው ዓይን ዓይኑን እያየ። "ነገ ማንሻውን እዘጋብሃለሁ። ሥራ እሠራብሃለሁ። የላ፣ ሂድ።"

ስለሺ ለሪም ሊነግራት ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ወንድምሽ ሊገድለኝ ነው ይባላል እንዴ?

በማግስቱ እግሩን እየጎተተ አረፋፍዶ ደረሰ። ማንሻው ላይ የሙንተሲር ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሰውየው የለም፤ ስልኩም አይሠራም።

አለቃው መሐንዲስ መሐሙድ እየተጣደፈ መጣ። "ስለሺ፣ አለቀ?"

ስለሺ የቱቦውን አፍ አየ። ያ ሰው መክፈቻውን ይዞ የሆነ ቦታ ተደብቆ እስኪገባለት እየጠበቀ ነው።

"አልቋል" አለ።

"ውስጥ ሰው አለ?"

"ከእኔ ሌላ ማን ይገባል? እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ነኝ።"

"ታዲያ ይህን ማን ቆለፈው?"

"ሙንተሲር ነዋ! እዘጋብሃለሁ ብሎ ትናንት በገዛ አፉ ነግሮኛል።"

መሐሙድ ተራገመ። "ሠርግ ሠርግ እያለ ሥራ ያበላሻል! ቁረጠው፣ የላ!"

ስለሺ በደስታ ቆረጠው። በሩ ተነሳ፤ ውሃው እያጓራ ቱቦውን ሞላው። ዝም ብሎ የከረመው ተርባይን አንዴ ነቅነቅ አለና መዞር ጀመረ፤ የአዳራሹም መብራት ቦግ አለ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ስለሺ ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። ከሞት ተርፏል፤ ሚስቱንም ያገባል።

ስልኩ ጠራ። ሪም ነበረች፤ ድምጿ ሳቅ ሳቅ ይላል።

"ሙንተሲርን ውጣና ቁርስ ብላ በለው፤ ስልኩ እምቢ አለኝ፣ 'ሙሽራ አይድከም' ብሎ በጠዋት ቱቦው ውስጥ ገብቶብሃል።"