የጓቫው ቅጠልና የአክስቷ ምራቅ

«እንትፍ በይበት» አለች ላብራቶሪ ሠራተኛዋ፣ ትንሽ ብልቃጥ ለአክስቷ እያቀረበች።

«ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ልብስ እየሰፋሁ ያስተማርኩሽ ምራቄን ልትሰበስቢ ኖሯል?» አለች አክስቷ። ግን እንትፍ አለችበት።

የምሳ ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። አክስቷ ስኳር አለባት። ጎረቤቷ የጓቫ ቅጠል አፍልታ እንድትጠጣ ከመከረቻት ወዲህ ኪኒኗን ትታለች፤ ይኸው ሦስት ሳምንት። ጣቴን አልወጋም ካለችም ሰነበተች። ልመናም ቁጣም አልበገራትም። ዛሬ ግን የእህቷ ልጅ ቅጠሉ እንደማይረባ በዓይኗ በብረቱ ልታሳያት ቆርጣለች።

በሁለት ቱቦ የስታርች ውሃ ቀዳች። አንዱ ላይ ምራቅ ብቻ፣ ሌላው ላይ ምራቁንና አክስቷ ከቤት አፍልታ ያመጣችውን የቅጠሉን ውሃ ጨመረች።

«ምራቅሽ ስታርቹን ወደ ስኳር ይፈጨዋል። ፈጭቶ ካልጨረሰ አዮዲን ጠብ ሲልበት ይጠቁራል። ቅጠልሽ እውነት የሚሠራ ከሆነ ምራቅሽን ከመፍጨት ማገድ አለበት።»

ጥቂት ቆይታ አዮዲን ጠብ አደረገች። የመጀመሪያው የአዮዲኑን ቢጫ ቀለም እንደያዘ ቀረ። ሁለተኛው ሰማያዊ ብልጭ አለና ጠፋ።

«ይኸው! ቅጠልሽ ምንም...» ብላ ቆመች። ብልጭ ያለው ከየት መጣ? ደገመች፤ አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው ጠብታ ቱቦው እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ጠቁሮም ቀረ።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አለች አክስቷ።

«ቅጠሉ አልሠራም» የሚለው ውሸት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «ቅጠሉ መጀመሪያ አዮዲኑን በላው። ምራቅሽንም አስሮታል። ስታርቹ እንዳለ ነው።»

«እሰይ! እኔስ ምን አልኩ?» አክስቷ ጎንበስ ብላ አየችው። «በምኑ አሰረው?»

«ፊኖል ይሉታል። ያ ስትጠጪው አፍሽን የሚያኮማትረው ነገር።»

«ሆዴም ውስጥ እንዲህ ያስረዋል?»

«እሱን አላውቅም፣ አክስቴ።»

ይህቺ ልጅ ስትመክር እንጂ አላውቅም ስትል ሰምታት አታውቅም። አክስቷ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች።

«እንግዲያው ደሜን ጠይቂው።»

የስኳር መለኪያው ትንሽ አሰበና ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት አለ። እጅግ ከፍ ያለ ነው። አክስቷ ቦርሳዋን ከፍታ በረበረች፤ ለካ ኪኒኑ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ፍሬ ያለ ውሃ ዋጠች።

ዓይኗ ግን ቱቦዎቹ ላይ ነው።

«የማንጎ ቅጠልስ?» አለች።

የእህቷ ልጅ ንጹሕ ቱቦ ለማንሳት ቀድማ እጇን ዘርግታ ነበር።