«ሰልቬጅ» የሚባል ቃል የለም!

«እንደሱ የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል የለም!»

ዳኛው መምህር ይህን ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ...

ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠችው እናት ግን ክው አለች።

በቀጥታ ከፈረቃ ነው የመጣችው። የሥራ ጋዎኗን በሹራብ ሸፍናዋለች፤ ፀጉሯ ላይ ያለውን የጥጥ ብናኝ ግን ረስታዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት... ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል!

መድረኩ ላይ የሚሳቅባት ልጇ ናት።

የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድር ፍጻሜ ነው። ተፎካካሪዋ በ«ኤስ» የሚጀምር ቃል አልቆበት ደርቆ ቀርቷል። እሷ አንድ ትክክለኛ ቃል ከጨመረች... የሁለት ዓመት ነጻ የትምህርት ዕድል የእሷ ነው።

እሷ ደግሞ «ሰልቬጅ» አለች!

«ለመሆኑ ምን ማለት ነው?» አላት ዳኛው።

«የጨርቅ ጠርዝ... ዳርና ዳሩ እንዳይተረተር ጠበቅ ተደርጎ የሚሸመነው።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእናቴ። ፋብሪካ ሸማኔ ናት።»

ሳቁ ባሰ።

ዳኛው የኪስ መዝገበ ቃላቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ... የለም።

እናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ወይኔ ጉዴ! ማሽን ላይ የምንጯጯህበትን ቃል እንግሊዝኛ ነው ብላ...»

እሷ መች እንግሊዝኛ ታውቅና! የልጇን ደብተር እንኳ «ይሄ የእናንተ ነገር» ብላ ነው የምትመልሰው።

«በይ፣ አንድ ዕድል ልስጥሽ» አለ ዳኛው። «ሌላ ቃል ጥሪ። አልቀይርም ካልሽ ደግሞ ትልቁን መዝገበ ቃላት አስመጣለሁ... እዚያም ከሌለ ግን ከውድድሩ ወጣሽ።»

እናት ከኋላ በእጇ ምልክት ሰጠች... «ቀይሪው! ቀይሪው!»

ልጅቷ አየቻት። ወደ ዳኛው ዞረች...

«አልቀይርም።»

«መዝገበ ቃላት ላይ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እማዬ የማታውቀውን አትናገርም።»

እናት ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትልቁን መዝገበ ቃላት በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። የዳኛው ጣት ወረደ... ወረደ... ቆመ።

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ደግሞ አየ።

(አትሳቁበት፣ እኔም ብሆን እጠርግ ነበር።)

«አለ...» አለ ቀስ ብሎ። «የጨርቅ ጠርዝ፤ እንዳይተረተር ሆኖ የተሸመነ። ልክ አንቺ እንዳልሽው።»

ከዚያ ቀና ብሎ «እናቷ እዚህ አሉ?» ሲል ጠየቀ።

እያፈረች ተነሳች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሉ ትክክል ነው። ልጅዎ አሸንፋለች።»

«ቆይ መምህር... እንግሊዝኛ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እንግሊዝኛ ነው።»

«እኛኮ የፋብሪካ ቋንቋ መስሎን! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ሳወራ ነው የኖርኩት በሉኛ!»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ... አሁን ግን ቆሞ፣ እያጨበጨበ!

እናትም ሳቀች። ሹራቧን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና በሥራ ጋዎኗ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ መድረኩ ሄደች። እንዲያ ኮርታ የተራመደች ሰው አይቼ አላውቅም!

ወዳጆቼ... ያልተማሩ የሚመስሉን ወላጆቻችን ሥራቸው ያስተማራቸው ስንት ነገር አለ! መዝገበ ቃላቱን ሳንገልጥ አንሳቅባቸው።

እናንተስ... ከእናት ወይም ከአባታችሁ ሥራ የተማራችሁት፣ ሌላው ሰው የማያውቀው ቃል የትኛው ነው?

ቃሉን ከነሙያቸው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እንኩራባቸው!