ያልቆመችው

በፍኖተ ሰላሙ የክረምት ሩጫ ስመኝ የክለብ ጓደኛዋን ያምሮትን ተከትላ ሁለተኛ ሆና ስትሮጥ፣ አስከሬን የተሸከሙ ለቀስተኞች መንገዱን ሞልተው መጡ። ያምሮት ወዲያው ቆማ ኮፍያዋን አወለቀች።

«ስመኝ፣ ቁሚ እንጂ፤ ቀብር ነው።»

ስመኝ አልቆመችም። በጭቃው ዳር፣ ቃሬዛውን በትከሻዋ ልትነካው ምንም ሳይቀራት አለፈች። ማንም አልተቆጣትም። አንዲት እናት ብቻ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ጊዜ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ተመልሳ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች፤ እግሯ ግን መሮጡን አልተወም።

ሩጫው የሚያልቅበት ሜዳ ስትደርስ ፊሽካም ጭብጨባም አልነበረም። ቀድመው የሮጡት የክለቡ ወንዶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ዝም ብለው ቆመዋል። አንዱ በስልክ ነግሯቸው መሆን አለበት ብላ አንገቷን ደፋች።

«አሰልጣኝ፣ አጥፍቻለሁ።»

አሰልጣኝ ገደፋው አላያትም። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«እስክታልፍ እንዳትነቃነቁ» አላቸው ልጆቹን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስመኝ በመካከላቸው አለፈች። ዞር ስትል ሁሉም በዝግታ እየተከተሏት ነው። ከፊት እናቷ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ከኋላቸው ወዳለው ቃሬዛ እየዞሩ «ልጄ፣ ስመኝ» እያሉ ያለቅሳሉ።