ዜና አላሰማ ያለው ሬዲዮ

ጥዝዝ የሚለው ድምፅ የተቀበለኝ ገና የግቢውን በር ሳልከፍት ነው። ሬዲዮ እንድጠግን ተጠርቼ ስገባ እማማ ጥሩወርቅ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል።

«እንዲህ ካደረገው ሦስት ቀኑ። ልጄ በባሕር እየተጓዘ ነው፤ ዜና ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም» አሉኝ።

ገመዱን ቀየርኩ፣ አንቴናውን አዞርኩ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እጄን ስሰድ አንድ አሮጌ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ አገኘሁ። ስልክ የለበትም። ብነቅለው ሬዲዮው ጥርት ብሎ ዘፈን አሰማ።

«እጅህ ይባረክ፤ ዜናውም ሊጀምር ነው» አሉ እማማ፣ ወንበራቸውን እያስጠጉ።

ሴት ልጃቸው ምንትዋብ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳው ሳበችኝ።

«እኔ ነኝ የሰካሁት» አለችኝ በሹክሹክታ። «የወንድሜ ጀልባ ሰምጣለች፤ የተረፈ የለም። ሬዲዮው የሚያወራው ይህንኑ ነው። መርዶው ነገ ሲነጋ ነው፣ ዘመድ ሲሰበሰብ።»

ተመልሼ ቻርጀሩን ሰካሁት።

«ምነው ልጄ፣ ተስተካክሎልህ አልነበር? እኔማ ጎበዝ ነው ሲሉህ ሰምቼ ነው ያስጠራሁህ» አሉኝ።

መፍቻዎቼን ሰብስቤ፣ ዓይናቸውን ሳላይ ወጣሁ።