ከፊሽካው በኋላ

በየሰፈሩ ድንኳን መጣል ከቀረ ወዲህ ለቅሶውም ሠርጉም በስታዲየሙ ሆኗል፤ በተራ፣ በፊሽካ። ለቅሶ ደራሽ ቤት ማስገባትም ክልክል ነውና፣ ትርፍነሽ ባሏን የቀበረች ዕለት የመኝታቸውን ፍራሽ አስጎትታ መጥታ ሜዳው መሃል አነጠፈችው። ለቀስተኛው ከቧት ሲያለቅስ፣ እሷ ግን ዓይኗ የተራዋን ደቂቃ ከሚቆጥረው የትልቁ ስክሪን ሰዓት ላይ አልነቀል ብሎ እንባ እንቢ አላት።

ፊሽካው ተነፋ።

«እናቴ፣ ይነሱ እንጂ» አላት አስተናባሪው። «ሠርገኞች በር ላይ ቆመዋል።»

«ተካልኝን በፊሽካ አላገባሁት፤ በፊሽካ አልሸኘውም! ከዚህ ወይ ፍንክች!»

ሠርገኛው ከበሮውን እየደለቀ ገባ። ሙሽራዋ ፍራሹን ስታይ እጇን አንስታ ጸጥ አሰኘቻቸው።

«ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ባሌ።»

ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አለቻት ትርፍነሽ።

«ይቆሽሽ! ሰው እያለቀሰ ከበሮ አስመትቼ ነው የማገባው?»

ሚዜዎቹም ከበሮውን አስቀምጠው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ትርፍነሽ ለስክሪኑ ጀርባዋን ሰጠችና፣ «ወይኔ ተካዬ!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። አስተናባሪው ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ፤ የሰማው ግን አልነበረም።