ሁለቱ ጉጉቶችና የቦሎቄው ሣጥን

በሰሜን ዊስኮንሲን፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የተጎዱ አዕዋፍ መጠለያ፣ ያለፈው ዓመት በረዶ የአንዱን ጎጆ ጣሪያ ደረመሰው። ለብርዱ ወራት የሚሞቅ ጎጆ አንድ ብቻ ቀረ። ጉጉቶቹ ግን ሁለት ነበሩ።

ዊላ ጥቁር ዓይን ያላት ትልቅ ጉጉት ናት። ፔፐር ደግሞ መዳፍ የምታክል፣ ጆሮ የመሰለ ላባ ጭንቅላቷ ላይ የቆመላት ትንሽ ጉጉት። ሁለቱም የዚያው ደን ተወላጆች፣ ሁለቱም ዳግም መብረር የማይችሉ። የመጠለያው ኮሚቴ ማንኛዋ ትቅር ለማለት አፍሮ ነገሩን ለጎብኚዎች ተወው፤ የወዳጅነት ውድድር ተባለ። ብዙ ድምፅ ያገኘችው ትቀራለች፤ ሌላዋ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ መጠለያ ትሄዳለች።

ዊላን የምትንከባከበው ቨርና ነበረች፤ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ፣ ያላገባች፣ ሰው ፊት ድምፅዋ የሚጠፋባት። ስምንት ዓመት ሙሉ ልቧን ከፍታ የምታወራው ለዊላ ብቻ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር የፔፐር ተንከባካቢ አርዲስ ናት፤ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ።

ድምፅ የሚሰጠው በቦሎቄ ነው። ነጭ ለዊላ፣ ዥንጉርጉር ለፔፐር። የከተማው ሰው ፊት ለፊት ማስቀየም ስለማይወድ ሁሉም ቦሎቄውን በጭብጡ ደብቆ አንድ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል፤ ለሁለቱም ሴቶች እኩል ፈገግ ብሎ ያልፋል። የሣጥኑን ቁልፍ አርዲስ ያዘች። ሌላ ሰው ይያዘው ያለ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን አርዲስ ሰው እየሰማ፣ "የኔዋ የትም ብትጣል ትበላለች፤ ያንቺዋ እመቤት ግን ካንቺ እጅ ውጭ አትቀምስም" አለቻት። ሰዉ ሳቀ። ቨርናም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ከነከናት። ድምፅ ሰጪ ፊት እንዲህ ይባላል?

እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን፣ በምሳ ሰዓት የረሳችውን ጓንት ልትወስድ ወደ መጠለያው አዳራሽ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። አርዲስ ጀርባዋን ሰጥታ የሣጥኑን ክዳን ከፍታለች። እጇ ገባ፣ ወጣ፣ ወደ ሹራቧ ኪስ ሄደ። ደግሞ ተመለሰ።

ቨርና ጓንቱን ሳትወስድ ወጣች። እናቷ የሞተች ጊዜ ሳምንት ሙሉ አብራት የሰነበተችው አርዲስ፣ ዛሬ ዊላን ከእጇ እየነጠቀቻት ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ እንባዋ እስኪደርቅ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ አርዲስ እንደ ልማዷ የዱባ ኬክ ቆርሳ አቀረበችላት። ቨርና አልራበኝም አለች። አርዲስ ምን ሆነሻል ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ቨርና የዊላን ላባ ማስተካከሏን ቀጠለች። አርዲስ ስትራመድ ከኪሷ የቦሎቄ ፍሬ ኮሽታ ይሰማ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሚስተር ሃልቮርሰን በሰው ፊት ቆጠሩ። ዊላ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ፔፐር ሁለት መቶ ስምንት።

ተጨበጨበ። ቨርናን ልታቅፍ ከሁሉ ቀድማ የመጣችው አርዲስ ነበረች። ይሄ ነው ቨርናን ያቃጠላት። ሰርቃ ሳይሳካላት ሲቀር ደግሞ ልታቅፋት?

ቨርና ወደ ኋላ ሸሸት አለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ድምፅዋ ከፍ አለ።

"አርዲስ ከሣጥኑ ሰርቃለች። በዓይኔ አይቻለሁ።"

አርዲስ እስከ አንገቷ ቀላች።

"ቨርና፣ አሸንፈሻል እኮ። ተይው" አለች ቀስ ብላ።

"ስለ ማሸነፍ አይደለም የማወራሽ። ኪስሽን ገልብጪ።"

"እባክሽ፣ ቤት ሄደን እንነጋገር።"

"አሁን። እዚሁ።"

ሃልቮርሰን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ጎብኚ የሰጠው ድምፅ የትም ይገኝ የት ተመልሶ ይቆጠራል፣ ውጤቱም በዚያው ይጸናል አሉ። ትስማሚያለሽ ወይ ብለው ቨርናን ጠየቋት። "ይቆጠር" አለች።

አርዲስ ጓደኛዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ኪሷን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች።

አሥራ ዘጠኝ ቦሎቄ ወጣ፤ አሥራ ዘጠኙም ዥንጉርጉር። ድምሩን ከሁሉ ቀድማ የደረሰችበት የሂሳብ አስተማሪዋ ነበረች፤ ፔፐር ሁለት መቶ ሃያ ሰባት።